ከኢንተርኔት የሚተላለፍ ድምፅን በቤት ኮምፒውተር መቅዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሬዲዮ ቃለ ምልልስ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ ጉባኤ፣ ሩቅ አገር ሆነው የሚከታተሉት የቀብር ጸሎት፣ የመጽሐፍ ምረቃ፦ ብዙው በኢንተርኔት አንዴ ተላልፎ ያልቃል። አስተላላፊው ካላስቀመጠው ማንም መልሶ አያገኘውም። ቀረጻ ሲከሽፍ የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ችግር መነሻው አንድ ነው፤ ድምፁ በአንድ መንገድ እየሄደ መቅጃው በሌላ መንገድ ይጠብቃል። ውሃው ከማይወርድበት ቧንቧ ሥር ባልዲ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። የሚከተሉትን መልሶች ሲያነቡ «ድምፁ አሁን በየት በኩል እየወጣ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአእምሮዎ አያውጡት።

ምሳሌዎቹ በብዛት ዊንዶውስ ላይ፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር የተሰጡ ናቸው። ማክና ሊኑክስ ለብቻቸው ተጠቅሰዋል።

መጀመሪያ ነገር፣ መቅዳት ያስፈልገኛል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አስተላላፊው ዝግጅቱን በድረ ገጹ፣ በዩቲዩብ ወይም በፖድካስት አስቀምጦት ከሆነ ያ ፋይል እርስዎ ቀድተው ከሚያገኙት ይሻላል። ለምሳሌ የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ዝግጅቶቹን በድረ ገጹ ላይ በድምፅ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት የጣቢያውን ገጽ በደንብ ይፈትሹ። መቅዳት የሚያስፈልገው በቀጥታ ተላልፎ ለሚጠፋው ነው።

ቀድቼ ስጨርስ ፋይሉ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። መስመሩ ዝርግ ነው። ለምን?

መቅጃው ድምፅ የማያልፍበትን መንገድ እየሰማ ነው። ኮምፒውተርዎ አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ያለው ይመስልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን የላፕቶፑ ስፒከር፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘው ቴሌቪዥን፣ የዩኤስቢ ሄድፎንና የብሉቱዝ ማዳመጫ እያንዳንዳቸው የተለያዩ መውጫዎች ናቸው። መቅጃው አንዱን ብቻ ነው የሚከታተለው።

ኦዳሲቲን ይክፈቱና «ኦዲዮ ሴትአፕ» ውስጥ ይግቡ። «ሆስት» በሚለው ሥር «ዊንዶውስ ዋሳፒ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ «ሪከርዲንግ ዲቫይስ» ውስጥ መጨረሻው ላይ «ሉፕባክ» የሚል ቃል ያለበትን ይፈልጉ፤ ሉፕባክ ማለት ወደ መውጫው የሚሄደውን ድምፅ ራሱን ለመቅጃው የሚሰጥ መስመር ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ነው፤ ከሉፕባክ በፊት የተጻፈው ስም ድምፁን እየሰሙበት ካለው መሣሪያ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። በሄድፎን እየሰሙ የስፒከሩን ሉፕባክ ከመረጡ ዝምታ ነው የሚቀዱት። ሄድፎኑን የሰኩት ኦዳሲቲን ከከፈቱ በኋላ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። በዚያው ሜኑ ያለውን «ሪስካን» ይጫኑ ወይም ሶፍትዌሩን ዘግተው ይክፈቱት።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖም ዝም ካለ ሁለት ነገሮች ይዩ። አንደኛው የዊንዶውስ ቮልዩም ሚክሰር ነው፤ እያንዳንዱ አፕ የራሱን መውጫ እንዲይዝ ስለሚፈቅድ ብራውዘሩ ብቻውን ወደ ሌላ መሣሪያ ተልኮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የፕራይቬሲ ሴቲንግ ነው። ማይክሮፎን የሚለው ሥር ለዴስክቶፕ አፖች ፈቃድ ካልተሰጠ ዊንዶውስ መቅጃውን ዝም ያሰኘዋል። እርስዎ ማይክሮፎን ባይጠቀሙም ስቴሪዮ ሚክስን (ከድምፅ ካርዱ የሚወጣውን የሚቀዳ የዊንዶውስ መስመር) የመሰለ መቅጃ መስመር በዚያው ፈቃድ ስለሚተዳደር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መስመሩ ግን አይንቀሳቀስም። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። በዋሳፒ ሉፕባክ ምንም ድምፅ እየተጫወተ ካልሆነ ለመቅጃው የሚደርሰው ነገር ስለሌለ ቆሞ ይጠብቃል። ሬዲዮውን ያጫውቱት፣ ይንቀሳቀሳል። ይህን ማወቅ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ስርጭቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ያ ባዶ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዝግጅት 52 ደቂቃ ሆኖ ቢያገኙት የጠፋውን መሀል ላይ ይፈልጉት።

ስቴሪዮ ሚክስ ተጠቀም ተባልኩ፤ የለም እኮ።

ተደብቆ ይሆናል። በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ሪከርዲንግ» የሚለውን ትር ከፍተው ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ቁልፍ ይጫኑና የተዘጉ መሣሪያዎች እንዲታዩ ያድርጉ። ከታየ «ኢኔብል» ይበሉት። ጭራሽ ከሌለ የድምፅ ካርዱ ሾፌር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) አልሰጠውም ማለት ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች አይሰጡም፤ አያሳዝንም፤ ዋሳፒ ሉፕባክ ይተካዋል። እንዲያውም ስቴሪዮ ሚክስ የራሱን የድምፅ ካርድ ብቻ ነው የሚቀዳው። ድምፁ በብሉቱዝ፣ በዩኤስቢ ወይም በኤችዲኤምአይ የሚወጣ ከሆነ አይሰማውም።

ተቀድቷል፤ ግን የልጆች ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ አብሮ ገባ።

የቀዳው ማይክሮፎኑ ነው። ከስፒከር ወጥቶ በክፍሉ አየር አልፎ በማይክሮፎን ተመልሶ የገባ ድምፅ ምንም ቢያጸዱት ጥራቱ አይመለስም። ዘዴው መፈተኛ አለው፤ መቅጃው ክፍት ሆኖ ጠረጴዛውን በጣትዎ መታ ያድርጉ። የድምፅ መለኪያው ከዘለለ ማይክሮፎን ላይ ነዎት፤ ወደ ሉፕባክ ይቀይሩ።

ነገር ግን የመልእክት ማሳወቂያ ድምፅ፣ በሌላ ትር የተከፈተ ማስታወቂያ፣ የቴሌግራም ጥሪ፣ እነዚህ በሉፕባክም ቢሆን ይገባሉ። ከኮምፒውተሩ የሚወጣ ሁሉ ይቀዳልና። የዊንዶውስን «ዱ ኖት ዲስተርብ» ያብሩ፣ ከሚቀዱት በስተቀር ሌላውን ትር ሁሉ ይዝጉ።

የተናጋሪው ድምፅ ያስተጋባል፣ እየጨመረ ይጮሃል።

ኦዳሲቲ የሚቀዳውን በዚያው ቅጽበት መልሶ እያሰማ ነው፤ ያሰማው ደግሞ ተመልሶ ይቀዳል፣ ክቡ አይቆምም። ምርጫዎች ውስጥ ሲቀዱ የሚቀዳውን የሚያሰማውን አማራጭ ያጥፉ። በቆዩ ስሪቶች ስሙ «ሶፍትዌር ፕሌይስሩ» ነው። አንድን ስርጭት በሁለት ትር መክፈትም ተመሳሳይ ማስተጋባት ያመጣል፤ ሁለቱ በጥቂት ሰከንድ ስለሚቀዳደሙ።

ድምፁ ይቆራረጣል።

ሁለት ዓይነት መቆራረጥ አለ፤ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ ይለዩዋቸው። ሲያዳምጡም እየተቆራረጠ ከነበረ ችግሩ ኢንተርኔት ነው። ሲያዳምጡ ጥሩ ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ከተቆራረጠ ኮምፒውተሩ ነው።

ለኢንተርኔቱ፦ ጣቢያው ዝቅ ያለ ጥራት ያለው ስርጭት ካለው እሱን ይምረጡ። ለንግግር 48 ወይም 64 ኪሎቢት በሰከንድ በቂ ነው። ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ ከራውተሩ ጋር ያያይዙት፣ ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያዩትም በዚያ ሰዓት እንዲታገሱ ይጠይቁ። ቪኤልሲ በተባለው ነጻ ማጫወቻ የሚያዳምጡ ከሆነ ኔትወርክ ካሺንግ የሚለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ይረዳል። ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው፤ 5000 ማለት ቪኤልሲ የአምስት ሰከንድ ድምፅ ይዞ ይጠብቃል፣ አጭር መቋረጥ ቢመጣ ሳይሰማዎት ያልፋል።

ለኮምፒውተሩ፦ ሌሎች ከባድ አፖችን ይዝጉ፣ ፋይሉ በፍላሽ ወይም በኔትወርክ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ፣ ላፕቶፑን ከኃይል ቁጠባ አውጥተው ቻርጀር ላይ ይሰኩት። ዲስኩ ሊሞላ ከደረሰም ይህ ይከሰታል።

ድምፁ ከስልክ የሚመጣ ይመስላል፤ ድፍን ያለ፣ ጥራት የሌለው።

ብሉቱዝ ሄድፎን ይጠቀማሉ? የብዙዎቹ ማይክሮፎን ሲነቃ መሣሪያው ከሙዚቃ ጥራት ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ ድምፁም ሞኖ ይሆናል። መቅጃው የሄድፎኑን ማይክሮፎን መርጦ ከሆነ፣ ወይም ዙምን የመሰለ አፕ ከኋላ ተከፍቶ ከሆነ ይህ ይደርሳል። ለቀረጻ ጊዜ ባለገመድ ማዳመጫ ይጠቀሙ። ከዚህ ቀላል መፍትሔ የለም።

ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንኮሻኮሻል።

ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ገብቷል። የኦዳሲቲ መለኪያ ዜሮ ላይ ደርሶ ከቀላ የድምፁ ጫፍ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ መሣሪያ የለም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርገው ይቅዱ። ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ሊጎላ ይችላል። ዊንዶውስ በመሣሪያው ሥር የሚያቀርባቸውን የድምፅ ማሳመሪያዎችም ያጥፉ።

ተናጋሪው እንደ ሕፃን ቀጭን ሆነ፣ ወይም እየተንቀራፈፈ ይናገራል።

የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) አለመጣጣም ነው። አንዱ ወገን 44100፣ ሌላው 48000 ሄርዝ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ሁለቱንም 48000 ላይ ያድርጉ፤ የዊንዶውሱን በመሣሪያው «አድቫንስድ» ትር፣ የኦዳሲቲውን በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ። የተቀዳውን አይጣሉት። በትራኩ ስም ሥር ባለው ሜኑ «ሬት» የሚለውን ወደ ሌላኛው ቁጥር ቢቀይሩት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ማክ ላይ ሉፕባክ የሚል ነገር አላገኘሁም።

ኦዳሲቲ ዊንዶውስ ላይ የሚያሳየው ዓይነት የሉፕባክ ምርጫ ማክ ላይ የለም። «ብላክሆል» የተባለውን ነጻ ሾፌር ይጫኑ፣ ኮምፒውተሩን ዘግተው ያስነሱ፣ ከዚያ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» ውስጥ ስፒከሩንና ብላክሆልን አንድ ላይ የያዘ «መልቲ አውትፑት ዲቫይስ» ይፍጠሩ። ማኩ ድምፁን ወደዚያ እንዲልክ ያድርጉ፣ ኦዳሲቲ ውስጥ ደግሞ መግቢያውን ብላክሆል ያድርጉ። ስፒከሩን ከዝርዝሩ ከረሱ ይቀዳል እንጂ አይሰሙትም። ይህ መውጫ ሲመረጥ የኪቦርዱ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎች አይሠሩም፤ ብልሽት አይደለም፣ ድምፁን ከብራውዘሩ ያስተካክሉ። ለኦዳሲቲ የማይክሮፎን ፈቃድ መስጠትም አይርሱ።

ሊኑክስስ?

ሥራው እዚያ ይቀላል። መቅዳት ይጀምሩ፣ «ፓቩኮንትሮል» የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ይክፈቱ፣ «ሪከርዲንግ» ትር ላይ ምንጩን «ሞኒተር» ከሚል ቃል ጋር ወደተጻፈው መውጫ ይቀይሩ።

ሰዓቱን አስተካክዬ ተኛሁ፤ ስነሳ የተቀዳው ሌላ ዝግጅት ነው።

ኦዳሲቲ «ታይመር ሪከርድ» የሚባል መርሐ ግብር አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ሰጥተውት ይሄዳሉ። ችግሩ የሚመጣው የጣቢያው ሰዓትና የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲለያዩ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ልዩነቱ ድርብ ነው።

አንደኛ፣ ጣቢያው «ማታ 2 ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 20:00 ነው። ስድስት ሰዓት ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ቀኑንም ያስቡ፤ «ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለው በኮምፒውተሩ እሁድ 2:00 ነው። እኛ ገና ቅዳሜ ማታ የምንለው ጊዜ ሳያልቅ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የኮምፒውተሩ ቀን ይቀየራል። መርሐ ግብሩን ቅዳሜ 2:00 ላይ ያስያዘ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይስታል።

ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀይርም፤ አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ይቀይራሉ። የአዲስ አበባው ማታ 2 ሰዓት ዋሽንግተን ዲሲ ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው የፈረንጆች የበጋ ሰዓት 13:00 ሲሆን በክረምቱ 12:00 ይሆናል። ለንደን 18:00 ከዚያም 17:00፣ ስቶክሆልምና በርሊን 19:00 ከዚያም 18:00 ነው። ቴል አቪቭ በበጋው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል 20:00፣ በክረምቱ 19:00 ነው። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ናቸው፤ ዱባይ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካ የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ፣ አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ለሁሉም ጓደኛ የሚሠራ አንድ ሰዓት አይናገሩ።

የኢንተርኔት ስርጭት ከሬዲዮው ሞገድ ዘግይቶ እንደሚደርስም ያስታውሱ፤ ዝግጅቶችም ሁልጊዜ በሰዓታቸው አይጀምሩም። አምስት ደቂቃ ቀድመው ይጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ አዘግይተው ይጨርሱ። ትርፉን መቁረጥ ቀላል ነው።

መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ተኛ። መብራት ቢጠፋስ?

እንቅልፉን «ኔቨር» ላይ ያድርጉ፤ የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ ያስተካክሉ። ስክሪኑ ቢጠፋ አይጎዳም፣ ኮምፒውተሩ ግን መተኛት የለበትም። የዊንዶውስ ማሻሻያ ሌሊት አጥፍቶ እንዳያስነሳው ለሳምንት ያቁሙት።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ራውተሩ ይጠፋል፤ ስርጭቱም አብሮ። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ለማይደገም ዝግጅት ገንዘቡ ያዋጣል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ብራውዘሩ ራሱ ላይቀጥል ይችላል። ቪኤልሲ ግን በኤችቲቲፒ ሴቲንጉ ውስጥ ራሱ መልሶ እንዲያገናኝ የሚያዝ ምርጫ አለው፤ ያብሩት። ኮምፒውተሩ በድንገት ከጠፋም ተስፋ አይቁረጡ። ኦዳሲቲን መልሰው ሲከፍቱ ያልተቀመጠ ሥራ አግኝቼ ልመልስልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያንን መስኮት ሳያነቡ አይዝጉት።

ያለ ኦዳሲቲ፣ ስርጭቱን እንዳለ ማስቀመጥ አይቻልም?

ይቻላል፤ ከቻሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው። የስርጭቱን ቀጥተኛ አድራሻ ካገኙ ቪኤልሲ ውስጥ «ኦፕን ኔትወርክ ስትሪም» ላይ ይለጥፉት፣ ከዚያ ከ«ቪው» ሜኑ «አድቫንስድ ኮንትሮልስ»ን ሲያበሩ የምትታየውን ቀይ ቁልፍ ይጫኑ። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ሙዚክ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁ ከኮምፒውተሩ መውጫ ሳይደርስ ስለሚቀመጥ የቴሌግራም ድምፅ አይገባበትም፣ ቮልዩሙን ቢዘጉትም ይቀዳል፣ ጥራቱም ከተላከው አይቀንስም። ጣቢያው ኤም3ዩ ወይም ፒኤልኤስ የሚባል ትንሽ ፋይል ከሰጠዎት በኖትፓድ ይክፈቱት፤ አድራሻው ውስጡ ተጽፏል።

ለምን ፋይሉ ይህን ያህል ገዘፈ?

ያልታመቀ ዋቭ ስለሆነ ነው። በ44100 ሄርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል፤ ኦዳሲቲ በሥራ ላይ ሳለ በ32 ቢት ስለሚይዘው እጥፉን ይወስዳል። ያው ሰዓት በኤምፒ3 128 ኪሎቢት 58 ሜጋባይት ገደማ፣ በ64 ኪሎቢት ሞኖ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለንግግር የኋለኛው ይበቃል፣ በቴሌግራም ለመላክም ይቀላል። ለመዝሙርና ለሙዚቃ ግን ቢያንስ ከስርጭቱ ከፍ ያለ ጥራት ይምረጡ፤ አንዴ የታመቀ ድምፅ ዳግመኛ ሲታመቅ ይጎዳልና። ረጅም ጉባኤ የሚቀዱ ከሆነ የዋቭ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ እንደማይሄድ ይወቁ፤ በላይኛው ጥራት ከስድስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው።

አንዳንድ አፕ ሲቀዳ ዝም ይላል። መቅዳቱስ ይፈቀዳል?

አንዳንድ የክፍያ አገልግሎቶች ድምፁን ቆልፈው ነው የሚልኩት፣ ውላቸውም መቅዳትን ይከለክላል። ቁልፉን ለመስበር የሚረዱ መንገዶችን እዚህ አያገኙም። ከፍለው ከሆነ ብዙ ጊዜ አፑ ራሱ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጫ ማስቀመጫ ይሰጥዎታል፤ እሱን ይጠቀሙ።

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ቦታ ይተዋል። በዩቲዩብ ቻናል መልቀቅ፣ በቴሌግራም ግሩፕ መበተን ወይም መሸጥ ግን የግል ጥቅም አይደለም። የድምፃዊውና የጋዜጠኛው እንጀራ ከዚያ ነው። ውጭ የሚኖሩ ከሆነ የአገሩን ሕግ ይመልከቱ። የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባ ሲቀዱ ደግሞ ተሰብሳቢውን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ከማይደገመው ዝግጅት በፊት ምን ልፈትሽ?

በዋዜማው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ማዳመጫ የሁለት ደቂቃ ቀረጻ ያድርጉና መልሰው ይስሙት። መለኪያው መንቀሳቀሱን ማየት አይበቃም፤ ማይክሮፎንም ያንቀሳቅሰዋል። ዝግጅቱ እጅግ የሚያስፈልግዎ ከሆነ አንድ ዘመድ በሌላ ቤት፣ በሌላ ኢንተርኔት እንዲቀዳልዎ ይለምኑ።

የቀዳሁትን እንዴት ላስቀምጥ?

ስሙን ከቀኑ ይጀምሩ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። እንዲህ ሲሆን ፎልደሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። የፈረንጅ ወይም የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይምረጡ እንጂ አይቀላቅሉ። ከዚያ የጣቢያውንና የተናጋሪውን ስም ይጨምሩ። በመኪና ለማዳመጥ ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ከሆነ የቆዩ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለማያሳዩ ለዚያ ቅጂ ስሙን በላቲን ይጻፉ። ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ሁለተኛ ዲስክም ላይ ያኑሩ፤ ቆራርጠው ያሳጠሩትን ደግሞ በዋናው ላይ አይደርቡት፣ በሌላ ስም ያስቀምጡት።